ደብተሩ የት ነው? (ስለ አገልግሎት ሥራ አስተቃቀድና መዝገብ አያያዝ)



በቅርቡ በተደረገው የወጣቶች ውይይት ላይ አንዲት እኅታችን ተነሥታ «በየክረምቱ አንድ የበጎ አድራጎት ሥራ እንጀምራለን፤ ዓመት ሲሞላ ግን ሥራው ከምን እንደ ደረሰ የሚነግረን አንድም ሰው አይገኝም። ስለ ምን ይሆን?» ስትል ጠየቀች። ሰዓቱ በማለቁ ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ። እኔ ግን ይዤው ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ ደብዛቸው ከጠፋው ሥራዎች አንዱን የመራሁት እኔ ራሴ ነበርሁና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ እዚሁ አምቦ ከሁሉቃ ወንዝ ብዙ በማይርቅ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀርባ ጎርፍ መሬቱን እየቦረቦረ ወደ አጥሩ ይጠጋ ነበር። እኛም በቦረቦሩ ዳር ችግኝ ለመትከል ተነሣን። በነሐሴ ወር የመጨረሻው ቅዳሜ ሠላሳ ያህል ልጆች ተሰብስበን 120 የግራቪሊያና የወይራ ችግኝ ተከልን። ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ዳቦና ሻይ ቀረበልን፤ ዘምረን ተለያየን። በጥር ወር በዚያ ሳልፍ ቆሜ ብቆጥር የቀሩት ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙም የሁለቱን ጫፍ ከብት በልቶታል።

የትምህርት ቤቱን ዘበኛ «ኦቦ፣ ችግኞቹ ምን ሆኑ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ የተከላችሁ ዕለት እኔ ተረኛ አልነበርሁም። ማን እንደ ተከለው፣ ለማንስ እንደ ተተወ የነገረኝ የለም። ከብት ሲገባ አንድ ሁለቴ አባረርሁ፤ ከዚያ ወዲያ ባለቤት የሌለው ነገር መስሎኝ ተውሁት» አሉኝ። ቅር ሳይላቸው፣ እንዲያው እንደ ተራ ነገር ነበር የነገሩኝ። እኔ ግን ኀፍረት ተሰማኝ። በእኛ አገር ችግኝ ሥር የሚሰድበት ጊዜ እንዲያገኝ ክረምቱ ሲገባ መተከል እንዳለበት ማንም ገበሬ ያውቃል፤ እኛ የተከልነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ማን እንደሚያጠጣ አልተነጋገርንም። አጥር አላሰብንም። ከእኛ ውስጥ ግማሾቹ በመስከረም ወደ ሌላ ከተማ ለትምህርት ሄደዋል። በአጭሩ እኔ አቅጄ የነበረው አንድን ቅዳሜ ብቻ ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል፤ ብዙዎቻችሁም በዚያን ዕለት ዶማ ይዛችኋል። የተከለውን መቁጠር ቀላል ነው፤ በዕለቱ ያልቃል። የጸደቀውን መቁጠር ግን ከዓመት በኋላ ተመልሶ የሚሄድ ሰውና የሚመሳከርበት መዝገብ ይጠይቃል።

በዚህ ነገር ሳዝን ቆይቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ስለ ስካውት ማኅበር የተጻፈ ጽሑፍ አገኘሁ። ስካውት ሲባል አንዳንዶቻችሁ አንገት ላይ ስለሚታሰረው መሐረብና ስለ ድንኳን ብቻ ታስቡ ይሆናል፤ እኔም እንዲሁ ነበርሁ። ባደን ፓወል የተባለው የእንግሊዝ ጄኔራል በ1907 እ.ኤ.አ. ብራውንሲ በምትባል ደሴት ሃያ ያህል ልጆችን ሰብስቦ የጀመረው ይህ እንቅስቃሴ ወደ አገራችንም ገብቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በትምህርት ቤቶች ይታወቅ ነበር። በደርግ ዘመን ተቋርጦ፣ በኋላ እንደገና ተቋቁሟል። እኔን የሳበኝ ግን በአሜሪካ ስካውቶች ዘንድ ያለ አንድ ደንብ ነው።

በእነርሱ ዘንድ ከሁሉ የሚበልጠው ማዕረግ «ኢግል ስካውት» ይባላል፤ ንስር ማለት ነው። ይህን ማዕረግ የመጀመሪያው ልጅ ያገኘው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። ዕጩው 18 ዓመት ሳይሞላው 21 የሙያ ምልክቶችን ማግኘት ይኖርበታል። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከዚህ ሌላ አንድ የአገልግሎት ሥራ አቅዶ መፈጸም ግዴታ ሆነበት። ሥራው ቤተ እምነትን፣ ትምህርት ቤትን ወይም የአካባቢውን ሕዝብ የሚጠቅም እንጂ ለስካውቶቹ ለራሳቸው የሚሆን አይደለም። የዘወትር ጽዳት አይቆጠርም፤ ገንዘብ መሰብሰብ ብቻውንም አይቆጠርም። ልጁ ብቻውን ሌት ተቀን ቢሠራም አይቆጠርለትም፤ ሌሎችን አስተባብሮ መምራት አለበትና።

ደንቡ በዚህ አያበቃም። አንዲት ጉድጓድ ከመቆፈሯ በፊት ልጁ ሐሳቡን በጽሑፍ አቅርቦ አራት ፊርማ ማግኘት አለበት፦ የተጠቃሚው ድርጅት ኃላፊ፣ የስካውት ቡድኑ መሪ፣ የቡድኑ ኮሚቴና የአካባቢው የስካውት ጽሕፈት ቤት። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ሣቅሁ። አንዲት ደብዳቤ ለማጻፍ በየቢሮው ደጅ መጥናት ለምናውቅ ለእኛ አራት ፊርማ ምን ይመስለናል? ዳሩ ግን ደግሜ ሳስበው የመጀመሪያው ፊርማ አሳሰበኝ፤ እርሱም የተጠቃሚው ነው። እኔ ያን ጊዜ የርዕሰ መምህሩን ፊርማ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ እርሳቸው ዘበኛውን ይጠሩ ነበር፤ ዘበኛውም ከብቱ በየት በኩል እንደሚገባ ይነግሩን ነበር። 120ው ችግኝ የጠፋው በዚያ ባልተጠየቀ ፊርማ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ለአንዳንዶቻችሁም አያቶቻችሁ፣ የሠሩትን ማንሣት ተገቢ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት፣ ያገለግሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ብዙ መልካም ነገር ተሠርቷል። ሆኖም የዘመቻው እቅድ የወጣው ከላይ ነበር፤ ዘማቹ የደረሰበት መንደር አስቀድሞ «ይህ ያስፈልገኛል» ብሎ የፈረመበት አልነበረም። እኛም ሠላሳ ልጆች ሆነን በትንሹ የሠራነው ይህንኑ ስሕተት ነው።

ለእኛ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ ከአሜሪካው ደንብ ይልቅ የቆየ ምሳሌ በእጃችን አለ፤ እርሱም መጽሐፈ ነህምያ ነው። ሁላችንም የቅጥሩን ሥራ በ52 ቀን መፈጸሙን እናስታውሳለን። ከዚያ በፊት ያለውን ግን እንዘልለዋለን። ነህምያ ወሬውን ከሰማ በኋላ ወራት ታግሦ ነው ወደ ንጉሡ የቀረበው። ሲፈቀድለትም ለአገረ ገዥዎቹና እንጨት እንዲሰጠው ለንጉሡ ዱር ጠባቂ ለአሳፍ ደብዳቤ ጠየቀ፤ ይህ ፊርማ ማለት ነው። ኢየሩሳሌም ሲደርስ ሦስት ቀን ቆይቶ፣ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ አየ፤ ለሕዝቡ የተናገረው ካየ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ምዕራፍ ሦስት ነው። ስንት ጊዜ አሰልቺ ነው ብለን አልፈነዋል! ስም ብቻ ነው፦ ይህን በር እገሌ ሠራ፣ ከእርሱም አጠገብ እገሌ አደሰ። ሰሎም ከሴቶች ልጆቹ ጋር መሥራቱ ተጽፏል። የቴቁሐ ሰዎች ሲሠሩ ታላላቆቻቸው ግን ትከሻቸውን አለመስጠታቸው ሳይደበቅ ተጽፏል። ማን የትኛውን ክፍል እንደ ሠራ፣ ማንስ እንዳልሠራ እስከ ዛሬ የምናውቀው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ መዘገበው ነው።

የመዝገብ ነገር ለአገራችን እንግዳ እንዳይመስላችሁ ደግሞ የወላጆቻችሁን እድር ተመልከቱ። ደቦና ጅጊ በቃል ይጠራል፤ እድር ግን ያለ መዝገብ አይሠራም። ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቀረ ሰው ስሙ ይጻፋል፣ የተሰበረ ብርጭቆ እንኳ ይመዘገባል። አባቴን የእድሩን መዝገብ እንዲያሳዩኝ ለምኜ አንድ ምሽት ሙሉ ሳገላብጠው አመሸሁ። ከዩኒቨርሲቲው ትምህርት ይልቅ ያ ምሽት ጠቅሞኛል ብል መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሙከራችን ልምጣ። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ከተማችን ስለ ሆነ፣ በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው ነው፣ እርሻ የሚማር ጓደኛ አገኘሁና በዚያው ቦረቦር ላይ ሥራውን እንደገና ለመጀመር ተስማማን። ምክትል የሆነችልን በዚያን ጊዜ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የነበረች እኅታችን ናት። አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ።

በመጀመሪያው ገጽ የጻፍነው ችግሩን ነው። «ቦረቦሩ ትልቅ ነው» ብለን አልጻፍንም፤ በገመድ ለክተን 34 ሜትር ርዝመት፣ ሰፊው ቦታ ላይ 3 ሜትር ስፋት አለው ብለን ጻፍን። ከባንዲራው እንጨት ሥር ቆመን አንድ ፎቶግራፍ አነሣን፤ ከዚያ በኋላ የተነሡት ሁሉ ከዚያው ቦታ ናቸው። ይህን ምክር በተለይ ያዙት፤ ከተለያየ ቦታ የተነሣ ፎቶግራፍ የሰዎችን ፈገግታ እንጂ የመሬቱን ለውጥ አያሳይም።

ቀጥሎ የአንድ ገጽ ሐሳብ ጽፈን ለርዕሰ መምህሩ ወሰድን። «200 ችግኝ እንተክላለን» ይል ነበር። እርሳቸው አንብበው 200 የሚለውን ሰረዙና ከላዩ «የምታጠጡትን ያህል» ብለው ጻፉበት። ተነጋግረን 80 አደረግነው። ፈረሙ፤ ማኅተም አደረጉበት፤ ደብዳቤው ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት አንድ ቅጂ በእነርሱ ፋይል፣ አንድ ቅጂ በእኛ ደብተር ተለጠፈ። ዘበኛውንም በሁለተኛ ፊርማ አስፈረምናቸው። ደንቡ አያዝም ነበር፤ እኛ ግን አንድ ጊዜ ተምረናል። ማስታወቂያውንም በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፈን በበሩ ለጠፍን፤ ፍየልና ላም ያላቸው ጎረቤቶች አብዛኞቹ የሚያነቡት ኦሮምኛውን ነውና።

ዝርዝር እቅዱ ስድስት ገጽ ፈጀ። ስንት ዶማ፣ ስንት አካፋ፣ ስንት ባልዲ፣ ከማን ቤት እንደሚመጣና ማን እንደሚመልሰው፤ ሰው እግሩን ቢቆስል ቁስሉን ማን እንደሚያጥብለትና ማን ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚወስደው፤ ዝናብ ቢጥል ሥራው ወደ የትኛው ቀን እንደሚዞር። ጉድጓዱ በግንቦት ተቆፍሮ አየር እንዲያገኝ፣ ችግኙ በሐምሌ መጀመሪያ እንዲተከል ጓደኛችን አስረዳን። ዳሩ ግን ሁላችንም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሆነን ሳለን ቁፋሮውን ግንቦት 21 ቀን ላይ አስቀመጥነው! ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት ማስታወቂያውን ልጃቸው ሲያነብላቸው ሰምተው «የማርያም ዕለት መሬት ልትቆፍሩ ነው? ማን አስተማራችሁ እናንተን?» አሉን። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘን ወደ 23 አዛወርነው። የተሰረዘው መስመር አሁንም በደብተሩ ይታያል፤ እቅድ ሲለወጥ የፊቱን አትቅደዱ፣ ሰርዛችሁ ምክንያቱን አጠገቡ ጻፉ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ገቢ በግራ፣ ወጪ በቀኝ፤ ደረሰኝ ያለው ይለጠፋል፤ ደረሰኝ የሌለው በሁለት ምስክር ይፈረማል። ችግኙን ከችግኝ ጣቢያ በነፃ አገኘን፤ ወይራ ጠይቀን ጥድ ስለ ሰጡን ይህም በ«ተለወጠ» ገጽ ተጻፈ። በዓይነት የመጣውንም፣ እንደ እንጨትና እሾህ ያለውን፣ መዝግቡት፤ የሰጠው ሰው ስሙን ሲያይ ደስ ይለዋል።

የሰዓት መዝገቡ ግን ፈተና ነበር። እያንዳንዱ ሰው የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት ጽፎ ይፈርማል። በመጀመሪያው ቀን 14 ሰዎች ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ሠሩ፤ 42 ሰዓት ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ግን ሰባት ብቻ መጡ። አንድ ወንድማችን «ያልመጡትም በልባቸው ከእኛ ጋር ናቸው፣ ጻፋቸው» ብሎ ቀለደ፤ እውነቱን ልናገርና እጄ ወደ ብዕሩ ሄዶ ነበር። ባለፈው ጊዜ እኮ «ሠላሳ ያህል ልጆች» ያልሁት ማንም ሳይቆጥር ነው፤ ፎቶግራፉን አሁን ስቆጥረው 22 ናቸው። የንስር ስካውቶቹ ደንብ ይህ ያህል ሰዓት መሞላት አለበት ብሎ ቁጥር አለመወሰኑ ጥበብ ይመስለኛል፤ ቁጥር ቢወሰን ቁጥሩ ይሞላ ነበር፣ በሥራም ባይሆን በብዕር።

ከመትከሉ በኋላ ያለው ክፍል ረጅሙ ነው። ከጀሪካን ቁራጭ ቆርጠን ከ1 እስከ 80 ቁጥር ጽፈን በየችግኙ አሰርን። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሁለት ሁለት ሆነን በሳምንት ሁለት ጊዜ እንድናጠጣ ተራ ወጣ። የጥምቀት ሰሞን ተራው የማን እንደ ነበረ አልናገርም፤ በደብተሩ አለ።

በጥር መጨረሻ ምክትሏ እየዞረች ቆጠረች፤ 57 ጸድቀዋል፣ 23 ሞተዋል። ለአጥሩ ሽቦ መግዣ የሰጡን አንድ ባለ ሱቅ ሪፖርት እንድናመጣላቸው ጠይቀው ስለ ነበር፣ እኔ «አብዛኞቹ ጸድቀዋል» ብዬ ጻፍሁ። ውሸት አልነበረም። እርሷ ግን «ቁጥሩ እያለ ለምን አብዛኞቹ ትላለህ?» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። በዕድሜ ታናሼ ናት፤ ተቆጣሁ። ከአንድ ቀን በኋላ ግን እርሷ እንዳለችው አድርጌ ጻፍሁት፦ 11 በፍየል መግቢያው በኩል ተበሉ፣ 8 ውኃ በሚቋጥርበት በታችኛው ጫፍ ሥራቸው በሰበሰ፣ የ4ቱ ምክንያት አልታወቀም። እንዲህ ሲጻፍ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ራሱ ወረቀቱ ነገረን፤ በታችኛው ጫፍ ጥድ መድገም ከንቱ ስለ ሆነ በሁለተኛው ዓመት ዝሆኔ ሣር ተተከለበት። «አብዛኞቹ» በሚለው ቃል ውስጥ ይህ ሁሉ ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ባለ ሱቁ ሪፖርቱን መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና «ከፍየሎቹ ሁለቱ የእኔ ሳይሆኑ አይቀሩም» አሉ። በሳምንቱ መግቢያውን የሚዘጋ እንጨት ላኩልን፤ በዓይነት የመጣ ተብሎ ተመዝግቧል።

በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በአዲስ ዓለም ያላችሁ ወጣቶች የእናንተ ችግር ቦረቦር ላይሆን ይችላል። የንባብ ክፍል መደርደሪያ፣ የምንጭ አጥር፣ የአቅመ ደካሞች ቤት ጥገና ሊሆን ይችላል። ብቻ ሥራው ተለክቶ የሚጀመር፣ እናንተ ብትሄዱ ሌላ ሰው ሊረከበው የሚችል ይሁን። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በመስከረም የት እንደሚሆን አያውቅም። እኔም በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቴን ስጨርስ አምቦ ልኖር ላልኖር እችላለሁ። ስለዚህ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ የርክክብ ቅጽ አዘጋጅተናል፤ ያስረከበ፣ የተረከበ፣ ምስክር፣ ቀን። ባለፈው መስከረም እኔ አስረክቤ ምክትሏ ተረክባለች።

ላነሣሽው ጥያቄ፣ እኅታችን፣ የሌሎቹን ሥራዎች መልስ መስጠት አልችልም። የዚህኛው ደብተር ግን በሰንበት ትምህርት ቤታችን ቁም ሳጥን በታችኛው መደርደሪያ ላይ ይገኛል። 19 ሉክ ተጽፎበታል፤ 31ዱ ባዶ ነው። ቁልፉ ከእርሷ ዘንድ ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትገኛለች።